የዋህ ነኝ የሚባልበት ቀን

ከዕለታት ባንዱ፣ መንገደኛ በማይደርስበት ቦታ፣ አንድ አገር ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ «እሱማ የእኛው ነው» የሚል አይጠፋም። በዚያ አገር ከደጋው አናት ላይ ከተማ አለ። ከከተማው ሥር፣ ገደሉን ወርደው ሲጨርሱ፣ የቆላ መንደር ይገኛል። በሁለቱ መካከል ከዓለቱ ወገብ ላይ በጋ ከክረምት የማይነጥፍ ምንጭ ይፈልቃል። ደጋው ዝናቡ ይበቃዋል፤ ቆላው ግን ያለዚያ ምንጭ አንድ ዛላ ማሽላ አያበቅልም።

አገሪቱን ያቀኑት ንግሥት ሊሞቱ ሲሉ ተናዘዙ። ኑዛዜያቸው አጭር ነበር። «ምንጩን ለየዋሆቹ ሰጥቻለሁ፤ ማንም እንዳይነካባቸው» አሉና ዓይናቸውን ከደኑ። በዚያ ዘመን ይህን የሰማ ሁሉ ገባው፤ የጠየቀም አልነበረም። የዋህ ማለት ልቡና አፉ አንድ የሆነ፣ ተንኮል ያልነካው ሰው ማለት ነበራ። ንግሥቲቱ ድል ተመትተው በሸሹ ጊዜ «ማን ነዎት? ከየት መጡ?» እንኳ ሳይሉ አስገብተው ያበሏቸው፣ እግራቸውን ያጠቧቸው፣ ጠላት ሲመጣም አናውቅም ብለው የሸሸጓቸው የቆላ ሰዎች ነበሩ።

ንግሥቲቱ ካለፉ በኋላ ግን ያ ቃል ቀስ ብሎ መንገድ ጀመረ። በልጃቸው ዘመን የደጋ ነጋዴዎች የተዛባ ሚዛን ይዘው ወደ ቆላ ወረዱ። የቆላ ሰው ሚዛኑን አልመረመረም። ነጋዴዎቹ አቀበቱን ሲወጡ «የዋሆች ናቸው፤ ሰው አይጠረጥሩም» ተባባሉ። በልጅ ልጃቸው ዘመን «የዋህ ነው፤ አያውቅም» ተባለ። ከዚያ ወዲያ የመጡት ደግሞ «የዋህ ነው፤ ይታለላል» አሉ። መቼም ያታለለ ሰው ነውሩን የሚያሸክምበት ትከሻ ሳይፈልግ አያድርም፤ ነውሩ ከአታላዩ ወርዶ በተታለለው ላይ ተጫነ። እንዲህ እንዲህ ሲል፣ በከተማው ውስጥ የዋህ ማለት ሞኝ ማለት ሆኖ አረፈ።

ያ ከተማ ለቃል ሁሉ ሹም ነበረው። ሹሙ ቃል ጠባቂ ይባላል። ዓመት በገባ ቁጥር ከግንቡ ላይ ወጥቶ፣ ዘንድሮ የትኛው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያውጃል። «ዘንድሮ ጥጋብ ማለት ስለ ራብ አለማውራት ነው! ዘንድሮ ሰላም ማለት ዝምታ ነው!» ይላል፤ ሕዝቡም ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደዚያው ይናገራል። ከእሱ በታች የሳቅ አለቃ አለ። ከበሮ ታቅፎ ይቀመጣል። በአደባባይ መሳቅ ሲገባ ከበሮውን ይመታል። ሳይመታ የሳቀ ይቀጣል፤ ተመትቶ ያልሳቀም ይቀጣል።

እነዚህ ሹማምንት የንግሥቲቱን ኑዛዜ አልሻሩም። ኑዛዜ መሻር ነውር ነው። አክብረው ደንብ ሠሩለት እንጂ። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ምንጩ የየዋሆች ነው፤ ስለዚህ ውሃ የሚሻ ሰው የዋህ መሆኑን በየዓመቱ በአደባባይ ይናገር። የዋህ ሞኝ ነው፤ ሞኝ ደግሞ ሞግዚት ያሻዋል፤ ሞኝ አይከስም፤ ሞኝ አይመሰክርም።

እናም በየዓመቱ፣ ማሽላው ለአጨዳ ሲደርስ፣ የቆላ አባወራዎች ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ገደሉን ይወጣሉ። ከአዳራሹ መካከል አንድ በአንድ ይቆማሉ። «የዋህ ነኝ» ይላሉ። ከበሮው ይመታል። መኳንንቱ ይስቃሉ። ቀጣዩ ይገባል። ሁሉም ተናግረው ሲያበቁ፣ ሞግዚቱ ውሃውን የሚያግደውን የቦይ ሳንቃ ቁልፍ አንጠልጥሎ ይወርድና ውሃውን ይለቅላቸዋል።

በዚያ መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። በልጅነቷ አባቷ ከከተማው በተመለሰ ዕለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደሚተኛ ታውቅ ነበር። እናቷ «አባትሽን ዛሬ አታነጋግሪው» ትላታለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አትነግራትም። ኋላ አድጋ ደርሶልኝን አገባች። ደርሶልኝ በቅሎ ገሪ ነው። አለንጋ የሚባል ነገር በእጁ ይዞ አያውቅም። ግልገሏን በቅሎ አንገቷን እያከከ፣ እያነጋገረ፣ እየዘፈነላት ነው የሚገራት። እሱም በዚያች የነጭ ልብስ ቀን ሲመለስ እንደ አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር።

የመንደሩ ሞግዚት አዛዥ ናደው የሚባሉ፣ ሲቀመጡ ወንበር የሚያስጨንቁ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ደርሶልኝ ወደሚሸጥበት ገበያ መጥተው አንዲት ዳማ በቅሎ ዓይናቸው ገባች። ዙሪያዋን ዞሩ፤ ጥርሷን አዩ፤ እግሯን አነሡ።

«የዋህ ናት?» አሉ።

«የዋህ ናት ጌታዬ» አለ ደርሶልኝ።

«ማልልኝ።»

ማለላቸው። ደስ ብሏቸው ገዝተው፣ ያኑ ዕለት ኮርቻ ጭነውባት ሄዱ።

ጥቂት ሰንበት ብሎ አዛዥ ቆላውን ሊጎበኙ ወረዱ። ሲመለሱ ቦዩ ሞልቶ ነበር። በቅሎዋ ከቦዩ አፋፍ ቆመች፤ ጥልቀቱን ልታሸት አንገቷን ዝቅ አደረገች። አዛዥ መዘግየት አይወዱም፤ ያውም ቀኑን በጠላ ቤት ነበር የዋሉት። የአለንጋቸውን ብረት ለበስ እጀታ አዙረው ፊቷን መቱት። ደገሟት። ሦስተኛው ዓይኗ ላይ አረፈ። በቅሎዋ ጮኸች፤ በኋላ እግሮቿ ቆመች፤ አዛዥም ከነካባቸው ቦዩ ውስጥ ወደቁና ክንዳቸው ተሰበረ።

ይህን ሁሉ ከማሽላው ውስጥ አረም የምታርም አንጓች አየች። ከእሷ በቀር ያየ አልነበረም።

በማግስቱ ወታደሮች መጥተው ደርሶልኝን በእግረ ሙቅ አስገብተው ወሰዱት። ክሱ በሐሰት መማል ነው፦ ክፉ በቅሎ የዋህ ናት ብሎ ሸጠ። በሐሰት የማለ ሰው ቅጣቱ ወደ ጨው በረሃ መጋዝ ነው፤ ከጨው በረሃ ተመልሶ ያወራ ሰው ደግሞ የለም። ሞኝ አይመሰክርም የሚለው ደንብ ሞኝ ምሎ አይቀጣም አይልም ነበር።

አንጓች እየሮጠች ወደ ከተማ ወጣች። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ አዛዥ ናደው ክንዳቸውን በሻሽ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል።

«ልመሰክር ነው የመጣሁት» አለቻቸው።

አዛዥ አልተቆጡም። እንዲያውም ፈገግ አሉ። «ጥሩ ነዋ! ምስክርነት መብት ነው። ነገ ዳኛው ፊት ቁሚና የዋህ አይደለሁም በይ፤ ያን ጊዜ ቃልሽ ይሰማል። ነገር ግን ልንገርሽ፤ ኑዛዜው ለየዋሆች ነው። ከመካከላችሁ አንዷ አይደለሁም ካለች፣ መንደሩ በሙሉ ሲያታልለን ኖሯል ማለት ነው። ውሃው ይዘጋል።»

«ነኝ ብልስ?»

«ነኝ ካልሽማ ሞኝ ነሽ። ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።» ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። «ውሃ ወይስ ባል? አስቢበት።»

አንጓች ገደሉን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ስትደርስ ወሬው ቀድሟት መንደርተኛው ከቦዩ ዳር ተሰብስቦ ነበር። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚከበሩት አያ ሽባባው በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ» አሉ፣ «ደርሶልኝ ለእኔም ልጄ ነው። በእነዚህ እጆቼ አቅፌ ነው ያሳደግሁት። ግን ውሃው ከተዘጋ ክረምት ሳይገባ እናልቃለን።»

«እና ምን ልበል፣ አያ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ቦዩ መለሱ። «እንዲህ በይ አልልሽም። እንዲህ አትበይም አልልሽም። ምን አፍ አለኝ?»

ጨቅላ ያዘለች አንዲት ሴት ከወደ ኋላ «የልጄን ጉሮሮ እንዳትዘጊብኝ፣ አንጓች!» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ ጩኸት አፍራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አንጓች አልተቆጣቻትም። በእሷ ቦታ ብትሆን እሷም ትጮህ ነበር።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ወጣች። አቀበቱን ስትወጣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ «አይደለሁም፣ አይደለሁም» እያለች ታጠና ነበር። ባሏን አትሰጥም። ውሃው ቢዘጋ ሌላ ምንጭ ይፈለጋል፣ አገር ይለቀቃል፣ አንድ ነገር ይደረጋል። ከበሩ ስትደርስ ግን ጨቅላ ያዘለችው ሴት በዓይኗ ላይ ቆመች፤ ያጠናችውም ቃል አፏ ውስጥ ደረቀ።

አዳራሹ ሞልቷል። ከመካከል ዳኛ ቢሻው ተቀምጠዋል፤ ብዙ የፈረዱ፣ ጥቂት የተኙ የሚመስሉ ሰው ናቸው። በቀኛቸው ቃል ጠባቂው አስረስ አሉ፤ አርጅተዋል፤ ነጭ ጢማቸው በትራቸው ላይ ወርዷል። የሳቅ አለቃው ከበሮውን በጉልበቱ መካከል ይዟል። ደርሶልኝ በእግረ ሙቅ ቆሟል። አንጓችን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። የዋህ አይደለሁም አትበይ ማለቱ እንደሆነ ገባት።

አዛዥ ናደው ክሳቸውን አሰሙ። «ጌቶቼ፣ ይህ ሰው በአደባባይ ገበያ የዋህ ናት ብሎ ምሎልኛል! እኔም የዋህ ናት ሲለኝ አምኜ ገዛሁ። የዋህ ሆና አላገኘኋትም፤ ይኸው ክንዴ!»

ዳኛው ወደ አንጓች ዞሩ። «አንቺ ሴት፣ ምስክር ነኝ ብለሻል። ደንቡን ታውቂያለሽ። የዋህ ነሽ ወይስ አይደለሽም?»

አንጓች የደርሶልኝን እግረ ሙቅ አየች።

«መልሺ እንጂ።»

አንጓች አዛዥን አየች፤ ዳኛውን አየች። ገና የሰማችው ክስ በጆሮዋ ውስጥ ይዞር ነበር። አንድ ነገር ተምታታባት። «ጌታዬ» አለች በቀስታ፣ «ነገሩ አልገባኝም። ሳይገባኝ ብመልስ ደግሞ በሐሰት መናገር ይሆንብኛል። አዛዥ ይጠየቁልኝ።»

«ሞኝ አይጠይቅም!» አሉ አዛዥ።

«ገና የዋህ ነኝ መች አለች?» አሉ ዳኛ ቢሻው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው ተከፈተ። «ጠይቂ።»

«ጌታዬ አዛዥ፣ በቅሎዋን ሲገዙ የዋህ ናት ወይ ብለው ጠይቀዋል?»

«ጠይቄያለሁ! ምን ይሸሸጋል!»

«የዋህ ናት ሲባሉ ደስ አለዎት?»

«ደስ ባይለኝ እገዛት ነበር?»

«ምን ዓይነት በቅሎ ፈልገው ነው?»

አዛዥ ትዕግሥታቸው አለቀ። «የማትራገጥ! የማትናከስ! ተንኮል የሌለባት፣ የሰጧትን የምታምን፣ ሕፃን ቢስባት የምትከተል! የዋህ በቅሎ ነዋ! አገር ሁሉ የሚያውቀውን ምን ታስደግሚኛለሽ?»

«ሞኝ በቅሎ አልነበረም የፈለጉት?»

«ሞኝ በቅሎ ምን ይሠራልኛል! ገደል ልትከተኝ?»

መኳንንቱ አንገታቸውን ወደ አዛዥ አሰገጉ። አዛዥም የተናገሩት ነገር ዘግይቶ ጆሮአቸው ገባ መሰል፣ ፊታቸው ልውጥውጥ አለ። የሳቅ አለቃው የከበሮውን ዱላ አነሣና ልምታ ወይስ ልተው በሚል ዓይን ወደ ቃል ጠባቂው ተመለከተ። አስረስ ምልክት አልሰጡም። ዱላው በአየር ላይ ቀረ።

«እንግዲያ እኔ የትኛዋን ነኝ ልበል?» አለች አንጓች። «አዛዥ በገበያ ያሉትን ከሆነ የምንጠየቀው፣ አዎ ነኝ፤ መሆኔንም እናንተው ታውቃላችሁ። በዚህ አዳራሽ የሚሳቅብንን ከሆነ ግን... ጌታዬ፣ እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የማውቀው። ያየሁትን ልናገርና ልሂድ።»

«የበቅሎ ሌላ ነው፤ የሰው ሌላ ነው!» አሉ አዛዥ።

ዳኛው ወደ ቀኛቸው ዞሩ። «ቃል ጠባቂ፣ ቃሉ ምንድን ነው?»

አስረስ በትራቸውን ተደግፈው በዝግታ ተነሡ። «የታወጀውን ልንገርዎ ወይስ እውነተኛውን?»

«እውነተኛውን።»

«እውነተኛው አዛዥ አሁን የተናገሩት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ንግሥቲቱም ያሉት እሱን ነው። ከግንቡ ላይ የቆምነው ሰዎች በየዘመናችን ጥቂት ጥቂት ገፋነው፤ ከአደባባይ አስወጣነው፤ ከሙሾም ከዘፈንም አስወጣነው። ከበቅሎ ገበያ ግን ልናስወጣው አልቻልንም። በቅሎ የሚገዛ ሰው ራሱን ማታለል አይፈልግም።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። አንጓች በቅርብ ቆማ ስለነበር፣ ሽማግሌው ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ረጅም ትንፋሽ ሲያወጡ ሰማች።

ዳኛ ቢሻው መሬት መሬቱን አዩ። «ከአነጋገር ይፈረዳል» አሉ ኋላ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ቀና አሉ። «ተንኮል የሌለበት ሰው ካልመሰከረ ማን ሊመሰክርልን ነው? ተናገሪ፣ ልጄ። ያየሽውን ተናገሪ።»

ተናገረች። ቦዩን፣ ብረት ለበሱን አለንጋ፣ ምቱን፣ የበቅሎዋን ጩኸት። ዳኛው በቅሎዋ ትምጣ አሉ። ስትመጣ የግራ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል፤ ከቅንድቧ በላይ የብረቱ ቁስል ይታያል። ፈርተው የሸሹ ነበሩ፤ እሷ ግን አንዱንም ሳትነካ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ሰንሰለት ወደሚንኳኳበት ወደ ደርሶልኝ ሄዳ ቆመች።

ፍርዱ ረጅም አልነበረም። ደርሶልኝ እውነት ምሏልና ይፈታ። በቅሎዋ ወደ ገሪዋ ትመለስ። ምንጩ በኑዛዜው መሠረት የቆላ ሰዎች ነው፤ ማንም ስለራሱ ምንም እንዲናገር አይጠየቅ። «ስለ ሞግዚቱስ?» ብሎ ከመኳንንቱ አንዱ ጠየቀ። ዳኛው «የዋህ ሰው ምን ሞግዚት ያሻዋል? ጠባቂ የሚያሻውስ ከየዋህ ጋር የሚገበያየው ነው» አሉ። አዛዥ ናደው ኋላ ይግባኝ ብለው ንጉሡ ዘንድ ደረሱ። ንጉሡ ግን በዚያ ሰሞን ለእናታቸው የዋህ በቅሎ እያፈላለጉ ስለነበር፣ ነገሩ ሳያደክማቸው ገባቸውና ፍርዱን አጸኑት።

በዚያ በፍርዱ ዕለት ከፍርድ ቤቱ ደጅ እንደወጡ አንጓች ከደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ደርሶልኝ እግረ ሙቁ የላጠውን ቁርጭምጭሚቱን ረስቶ፣ የበቅሎዋን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ይመለከታል።

«ዓይኗ ይድን ይሆን?» አለ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች አንጓች። «ጨው በረሃ ልትጣል ነበር እኮ!»

«እሱማ ቀረ፤ አንቺ መጣሽ» አለ። «ይህ ግን ሊመግል ይችላል።»

ያን ጊዜ ሳቋ መጣ። ማቆም እስኪያቅታት፣ እንባዋ ጉንጯን እስኪያርሰው ሳቀች። አላፊ አግዳሚው «ምን ሆነች?» እያለ ያያት ነበር፤ ግድ አልሰጣትም። ደርሶልኝም አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

መንደሩ ከቦዩ ዳር እየጠበቀ ነበር። ደርሶልኝ በእግሩ ሲመጣ ባዩ ጊዜ ደስታቸውን ፍርሃት ቀደመው፤ እሱ ከተፈታ ውሃው ሊዘጋ ነው ማለት ነውና። ማንም እልል አላለም። ልጆች እንኳ ወደ እናቶቻቸው ተጠጉ።

«ምን አልሽ?» አሉ አያ ሽባባው።

«ነኝ አልኩ።»

«ነኝ ብለሽ እንዴት ፈቱት?»

«ቃሉን መለሱልን፣ አያ። ውሃውም የእኛው ነው።»

ሽማግሌው አላመኑም፤ አስደገሟት። በሦስተኛው ዱላቸውን ጥለው ወደ ሳንቃው ሄዱ፤ ሞግዚቱ በልክ ከፍተው የቆለፉበትን ቁልፍ በድንጋይ ሰበሩና ሳንቃውን እስከ ጫፉ ቀና አደረጉት። ውሃው እየደነፋ ወጣ። «ማን ፈቀደ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጨቅላ ያዘለችው ሴት ወደ አንጓች መጣች። አንጓች ልጁን ከጀርባዋ ተቀብላ እግሮቹን ውሃው ውስጥ ነከረችለት። ልጁ ደንግጦ ጮኸ፤ ሁለቱ ሴቶች ሳቁ።

እውነቱን ለመናገር፣ በከተማው ውስጥ ቃሉ ወዲያው አልተመለሰም። ሰው ልጁን ሲሰድብ፣ ባልንጀራውን ሲያናንቅ፣ ዛሬም በዚያው ይጠራዋል። ረጅም መንገድ የሄደ ቃል ባንድ ፍርድ አይመለስም። አስረስ ግን በሚቀጥለው ዓመት ከግንቡ ላይ ወጥተው «ዘንድሮ ሰላም ማለት...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት «የምታውቁትን ታውቃላችሁ» ብለው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ አልወጡም።

በዚያው ዓመት፣ ማሽላው ለአጨዳ ሲደርስ፣ የቆላ አባወራዎች ከልማድ የተነሣ ማልደው ተነሡ። ነጭ ልብሳቸውን ለበሱ። ከገደሉ ሥር ተሰበሰቡ። ከዚያ ግን ማንም እግሩን አላነሣም። እርስ በርስ ተያዩ።

«እንግዲህ?» አለ አንዱ።

«እንግዲህ ምን?» አለ ደርሶልኝ።

«ወጥተን ምን እንላለን?»

አያ ሽባባው አቀበቱን ሽቅብ አዩት። አባታቸውም አያታቸውም በዚያ ወጥተዋል። «ምንም» አሉ። «ምንም አንልም።»

ትንሽ ቆሙ፤ ጠዋቱን ምን እንደሚያደርጉበት ያላወቁ ይመስሉ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ነጭ ልብሱን አውልቆ አጣጠፈና ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ሌላው ማጭዱን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሄደ። አንጓች በደጇ ቆማ ባሏ ከእነሱ ጋር እያወራ፣ ፊቱን ወደ ማሽላው አድርጎ ሲሄድ አየችው። ያን ቀን አጨዳው ፀሐይ ሳትበረታ ተጀመረ።